አሮጌ አይሱዙ ለማስቀባት 55 ሺህ ወይስ 260 ሺህ?

ጥያቄው፦ «በፈረንጅ 1998 ስሪት የሆነ አይሱዙ ኤንፒአር አለኝ። ከመርካቶ ዕቃ ጭኖ ክፍለ ሀገር ይሄዳል። ካቢናው ነጭ ነው፤ በሮቹ ከታች ዝገዋል፣ የፊት መስታወቱ ጎሚኒ (ዙሪያውን የሚይዘው ጎማ) አካባቢም ቀለሙ እየተነሳ ነው። ሦስት ቦታ ዋጋ ጠየቅኩ። ተክለሃይማኖት አካባቢ ግቢ ውስጥ የሚሠራ ልጅ 55 ሺህ አለኝ። ሜክሲኮ አካባቢ ያለ ጋራዥ 120 ሺህ፣ ፎርኖ (የሚሞቅ የቀለም ክፍል) ያለው ደግሞ 260 ሺህ። አጎቴ ፎርኖ ከሆነ አሥር ዓመት አይነካህም ይላሉ። ሾፌሬ ደግሞ ዝገቱ ላይ አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) አስደርግና ባለ 55ቱን ያዝ ይለኛል። እኔ በዚያው ሰማያዊ ላደርገው አስቤያለሁ። ከዓመት ሁለት ዓመት በኋላ ልሸጠው እችላለሁ። የቱ ይሻለኛል?»

ሦስት የተለያየ ሥራ ነው ዋጋ የጠየቅከው፣ ማንም አልነገረህም እንጂ። ሁሉም «መቀባት» ይሉታል። ስለዚህ ቁጥሮቹን ጎን ለጎን አስቀምጠህ ብታወዳድር ምንም አታገኝም። ባለ 55ቱ ልጅ በዚያ ብር ምን ሊሠራልህ እንደሚችል አስበው፦ ጎሚኒው ላይ ፕላስተር ይለጥፋል፣ የተነሳውን ቀለም ይፍቃል፣ የጎደለውን በስቱኮ ይሞላል፣ ከላይ ናይትሮ የሚባለውን ቶሎ የሚደርቅ ርካሽ ቀለም ይረጫል፣ በሦስት በአራት ቀን «ውሰድ» ይልሃል። ከዚያ በላይ ልሥራ ቢል ብሩ አይበቃውም፤ ልጁ ሌባ ስለሆነ አይደለም። ባለ 260ው ምናልባት መስታወቱን፣ መብራቱን፣ እጀታውን፣ የበሩን የውስጥ ልባስ ሁሉ ፈትቶ፣ ዝገቱን ቆርጦ፣ አዲስ ላሜራ በይዶ ነው የሚቀባው። ምናልባት ደግሞ የሚያስከፍልህ የክፍሉን ኪራይ ብቻ ነው፣ ከሥር ያለው ሥራ ከልጁ ሥራ አይሻልም። ሳትጠይቅ አታውቀውም። ሦስቱም ጋ ተመልሰህ ሂድና ይህን ጠይቅ፦ ምን ምን ይፈታል? ዝገቱን ምን ታደርጉታላችሁ? ከቀለሙ ሥር ምን ይገባል? ቀለሙ ሃርድነር (ተደባልቆ የሚያጠነክረው) አለው ወይስ የለውም? መልሱን በወረቀት ጻፈው። ያኔ ነው ዋጋው ትርጉም የሚኖረው።

አሁን ወደ አጎትህ ልምጣ። ፎርኖ ማለት አየሩ በማጣሪያ የሚገባበት፣ ዝግ የሆነና የሚሞቅ ክፍል ነው። ሁለት ነገር ይሰጥሃል። አንደኛ አቧራ የለም። ሁለተኛ፣ ላሜራው ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ ሃርድነር ያለው ቀለም በግማሽ ሰዓት ገደማ ይደርቃል። ያው ቀለም በ20 ዲግሪ አየር ላይ ቢተው አንድ ሌሊት ይፈልጋል፣ ሙሉ በሙሉ እስኪጠነክር ደግሞ አንድ ሳምንት ገደማ። መጨረሻ ላይ የሚደርሱበት ጥንካሬ ግን ተቀራራቢ ነው። እና አሥር ዓመቱ ከየት መጣ? ከፎርኖው አይደለም። ቀለም ከላይ በፀሐይ ያረጃል፣ ከታች ደግሞ በዝገት ይነሳል። አንተ መኪና ላይ ያለው ችግር ከታች የሚመጣው ነው። እሱን ፎርኖ አያየውም። ዝገት የቀረበት ላሜራ በዓለም ውዱ ክፍል ውስጥ ቢቀባ አንድ ክረምት አልፎ መስከረም ላይ ያብጣል። ደግሞ አጎትህ ያላሰቡት አንድ ነገር አለ፤ ብዙዎቹ ፎርኖዎች ለቤት መኪና ልክ የተሠሩ ናቸው። ካቢናው ቢገባ እንኳ ከፍ ያለ ስፖንዳና የሸራ ብረት ያለው መኪና እንዳለ ላይገባ ይችላል። ገንዘብ ከመክፈልህ በፊት ሄደህ በሩን በሜትር ለካ።

ሾፌርህ የሚሉህን ግን አትስማቸው። አንቲረስት የሚሠራው ከንጹሕ ብረት ጋር ሲገናኝ ነው። የተፈረፈረ ዝገት ላይ ብትደፋው የሚይዘው ብረቱን ሳይሆን ዝገቱን ነው፤ ዝገቱ ደግሞ እሱ ራሱ ብረቱን አልያዘም። ዝገት በውስጡ ክፍት ክፍት ስለሆነ እርጥበትና ጨው ይዞ ይቀመጣል። ከላይ ስትሸፍነው ሥራውን በሰላም ይቀጥላል፣ አንተ ብቻ አታየውም። ትክክለኛው መንገድ አሰልቺ ነው። በሽቦ ብሩሽና በሚሽከረከር ዲስክ እስከሚያብረቀርቅ ብረት ድረስ መፋቅ። ጥቃቅን ጉድጓድ ውስጥ የቀረውን ፎስፎሪክ አሲድ ባለው የዝገት ማጥፊያ ማከም፣ ማጠብ፣ ማድረቅ። ከዚያ በዚያው ቀን ኢፖክሲ ፕራይመር፣ ማለትም ብረቱን የሚይዝ የሥር ቀለም፣ መርጨት። የተፋቀ ብረት ሌሊት ውጭ ካደረ ጠዋት ላይ ቀይ አቧራ መስሎ ታገኘዋለህ፣ ሥራው እንደገና ይጀመራል።

ላሜራው ከተበሳ ደግሞ ፕራይመርም ስቱኮም አያድነውም። ተቆርጦ አዲስ ላሜራ ይበየዳል፣ በቃ። ስቱኮ እርጥበት ይመጥጣል። ቀዳዳ ላይ የተሞላ ስቱኮ ከጀርባው ውሃ እየጠጣ ይከርማል፣ ከዚያ ቁራሹ እንዳለ ወድቆ መንገድ ላይ ታገኘዋለህ። በደህናው ላሜራ ላይም ቢሆን ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ አይሞላም፣ ምክንያቱም ኮረኮንች ላይ ሲንቀጠቀጥ ይሰነጠቃል። ቀሪው በመዶሻ መውጣት አለበት፤ ለዚህ ነው ጥሩ ባትላሜራ ሠራተኛ ከቀለም ቀቢው በላይ የሚያስፈልግህ። የብየዳውን ዓይነትም ጠይቅ። የካቢና ላሜራ ስስ ነው፣ አንድ ሚሊ ሜትር አይሞላም ወይ ቢሞላ ነው። በጋዝ ሲበየድ ሙቀቱ ስለሚሰፋ ይጣመማል፣ የተጣመመውን ለመደበቅ ደግሞ ብዙ ስቱኮ ይሄዳል። በሲኦቱ ብየዳ (ሽቦ እየቀለጠ በካርቦን ዳይኦክሳይድ በሚሠራው) ይሁን በል። ከመበየዱ በፊት የባትሪው ገመድ ይፈታ። ይህን ረስተው የአልተርኔተሩን ዳዮድ የሚያቃጥሉ ሞልተዋል።

ወደ ጋራዥ ከመሄድህ በፊት መኪናህን ራስህ መርምረው፣ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። በሩን ክፈትና ተንበርክከህ የታችኛውን ጠርዝ እይ። እዚያ ውሃ የሚወጣባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። አሮጌ አይሱዙ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ በፊት የቀባው ሰው በስቱኮና በቀለም ደፍኗቸዋል። በመስታወቱ ጎማ በኩል የገባው ዝናብ በሩ ውስጥ ይጠራቀማል፣ በሩም ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላል። ያንተ በሮች ከታች የዛጉት በዚህ ነው ብዬ እገምታለሁ። ቀዳዳዎቹ ካልተከፈቱ አዲሱም ቀለም ያው ነው የሚገጥመው። ቀጥለህ የፊት መስታወቱን ጎሚኒ ጠርዝ በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ቀስ ብለህ አንሳው። ቡናማ ዱቄት ከወጣ ዝገቱ ጎሚኒው ሥር ገብቷል፣ መስታወቱ ሳይወጣ የሚደረግ ቀለም ገንዘብ መጣል ነው። መወጣጫ ደረጃውን፣ ከጎማው በላይ ያለውን የካቢና ሥር፣ የጣሪያውን ውሃ መውረጃ ጠርዝ በጣትህ ጫን ጫን አድርግ። ምንጣፉንም አንሳ። በመጨረሻ ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልለህ በካቢናው ላይ አንሸራትት፤ ካልያዘ ከሥሩ ወፍራም ስቱኮ አለ ማለት ነው። ወለሉ ወይም ካቢናው ሻንሲው ላይ የሚቀመጥበት ቦታ ተበልቶ ካገኘኸው የቀለሙን ወሬ እዚያው ተወው። ያ የደኅንነት ጉዳይ ነው፣ ሶማሌ ተራ ደህና ያገለገለ ካቢና ማፈላለግ ሊያዋጣህ ይችላል።

ገንዘቡ የት ይሄዳል? ትልቁ ክፍል የሰው ጉልበት ነው፣ መፍታት፣ መፋቅ፣ መበየድ፣ በብርጭቆ ወረቀት ማሸት። የመጨረሻው መርጨት የአንድ ቀን ሥራ ነው። ቅናሽ ስትጠይቅ የሚቀነሰውም ይሄው የማይታየው ነው። ቀለሙ ያው ይመስላል፣ አንተም «በርካሽ አሠራሁ» ብለህ ትሄዳለህ። ዕቃውን ግን ራስህ መቆጣጠር ትችላለህ። የካቢናህ የውጭ ስፋት በግምት 12 ካሬ ሜትር ነው። ተራ መርጫ ካቀበልከው ቀለም ከግማሽ በላዩን አየር ላይ ይበትነዋል። በዚህ ሒሳብ ደህና ውፍረት ለማግኘት ከሃርድነርና ከቲነር ጋር የተደባለቀ ከ3 እስከ 4 ሊትር ያስፈልጋል። አንድ ሊትር ገዝቶ «ይበቃል» ያለህ ሰው ወይ በቲነር ሊያበዛው ነው፣ ወይ አንድ እጅ ብቻ ሊያስነካው ነው። ቀለም፣ ሃርድነር፣ ፕራይመር ከውጭ የሚመጡ ናቸው። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዋጋቸው የት እንደሄደ መርካቶ የሚውል ሰው አይነገረውም። ስለዚህ ከወር በፊት የተነገረህን ዋጋ ይዘህ አትከራከር። 15 በመቶ ቫት ይጨምር አይጨምር እንደሆነም መጀመሪያ ጠይቅ፣ ሲያልቅ ነው የሚያወጡት።

ብዙ ሰው ሒሳብ ውስጥ የማያስገባው ወጪ መኪናው የሚቆምበት ቀን ነው። በደንብ የሚሠራ ካቢና ሁለት ሳምንት ይወስዳል። በቀን የሚያስገባልህን በ14 አባዛው። ርካሹን አሠርተህ በዓመቱ ብትደግመው ሁለት ጊዜ ነው የምትቆመው።

የቀለም ዓይነት ላይ ብዙ አማራጭ የለህም። ናይትሮ ቶሎ ይደርቃል፣ ርካሽ ነው፣ ግን ስስ ነው። የአዲስ አበባ ከፍታ ላይ ፀሐዩ ኃይለኛ ስለሆነ ቶሎ ያፈዘዋል፣ ነዳጅ ሲፈስበትም ይጎዳል። ሃርድነር የሌለው ዘይት ቀለም ቀስ ብሎ ይደርቃል፣ አቧራ ይለቅማል፤ ለሻንሲና ለስፖንዳ ይሁን እንጂ ለካቢና አይሆንም። ሃርድነር የሚጨመርበት ባለ ሁለት ክፍል ቀለም ነው ለካቢና የሚሆነው። ግን ጥንቃቄ አለው። አሮጌው ቀለም ናይትሮ ከሆነና በላዩ ባለ ሁለት ክፍሉን ብትረጭበት ሊያነሳውና ሊያሸበሽበው ይችላል። ለማወቅ ጨርቅ በቲነር ነክረህ ከማይታይ ቦታ ላይ አንድ ደቂቃ ያህል ያዝና እሸው። ነጩ ጨርቁ ላይ ከወጣ ናይትሮ ነው፣ ወይ ሙሉ በሙሉ ይፋቅ፣ ወይ አሮጌውን ከአዲሱ በሚለይ ፕራይመር ይሸፈን። ሜታሊክ ግን አትመኝ። ክሊር (ከላይ የሚረጭ ቀለም የሌለው ሽፋን) ይፈልጋል፣ አንድ ቦታ ቢጫር ቁራሹን ብቻ ቀብቶ ማመሳሰል ከባድ ነው። መርካቶ ውስጥ የሚገባ አይሱዙ ደግሞ መጫሩ አይቀርም።

ሰማያዊውን ተው። አንደኛ፣ ሊብሬህ ላይ ቀለሙ ተጽፏል። ቀይረህ ካላሳወቅክና ካላስተካከልክ ቦሎ ስታወጣም ስትሸጥም ጥያቄ ይነሳብሃል። ሁለተኛ፣ ቀለም መቀየር ማለት የበሩ ውስጠኛ ጠርዝ፣ የምሰሶዎቹ ጎን፣ የዳሽቦርዱ ዙሪያ፣ ካቢናው ሲገለበጥ የሚታየው ጀርባ ሁሉ አብሮ ይቀባል ማለት ነው። ያ ሥራ ቀላል አይደለም። ካልተደረገ ደግሞ በሩን በከፈትክ ቁጥር ነጩ ይታያል። ሦስተኛው ሽያጩ ነው። ቀለሙ የተቀየረ አሮጌ የጭነት መኪና ያየ ደላላ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ገጥሞት ነው?» ብሎ ነው፤ አይሱዙ በአደጋ ብዛት «አልቃኢዳ» የተባለበት አገር ውስጥ ጥያቄው አይገርምም። ነጭ ነጭ ሆኖ ይቅር። ነጭ ደህና ይሸፍናል፣ ሙቀት አይስብም፣ ነገ ቁራሽ ስታስቀባም በቀላሉ ይመሳሰላል። በነገራችን ላይ ለሽያጭ ብለህ ሙሉ ቀለም ብታስቀባ ወጪህ በሽያጩ ዋጋ ላይ ተደምሮ ይመለሳል ብለህ አትጠብቅ። ገዢ ሞተርና ካምቢዮ ነው የሚያየው። ቀለሙን የምታሠራው ካቢናው እንዳይበላ ነው።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ክፍት ግቢ ውስጥ አታስቀባ። እርጥበት ያለው አየር ላይ የተረጨ ቀለም ይፈዛል፣ የኮምፕረሰሩ ውሃም ከአየሩ ጋር ይወጣል። ኮምፕረሰሩ የውሃ ማጣሪያ እንዳለው አይተህ እመን። ከመስቀል በኋላ ያለው ጊዜ ይሻላል፣ ግን ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ይበርዳል። ላሜራው ጤዛ ይዞ ያድራል። ስለዚህ ጠዋት በጊዜ መርጨት የለም፣ ከአራት ሰዓት በኋላ ተጀምሮ ከሰዓት በፊት ወይ ወዲያው ከሰዓት ያልቅ፣ እስኪመሽ ገጹ ይደርቅ። መሃል ከተማ ውስጥ ግንባታና ቁፋሮ የሌለበት ሰፈር ማግኘት ስለሚቸግር ቢያንስ ወለሉ ውሃ የሚረጭበት፣ ጣሪያና ሦስት ግድግዳ በፕላስቲክ የተጋረደ ቦታ ይሁን። እሱ ካለ ፎርኖ የግድ አይደለም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ስለ ጤና። ሃርድነሩ ውስጥ ያለው አይሶሳያኔት የሚባለው ነገር ሳንባ ላይ ክፉ ነው፣ አስም ያመጣል፤ አንዴ ሰውነት ከተቆጣ በኋላ ትንሽ ሽታው እንኳ ይበቃዋል። የጨርቅ ማስክ ምንም አያደርግም። ንጹሕ አየር ከውጭ በቱቦ የሚያመጣ ጭንብል ነው የሚያስፈልገው። ሲረጭ አንተም ሾፌርህም እዚያ አትቁሙ፣ ልጆች የሚጫወቱበት ግቢ ውስጥ ደግሞ ጭራሽ አይረጭ።

እንግዲህ ቁርጡን ልንገርህ። ባለ 120ውን ያዝ፣ ግን እኔ በምልህ ሥራ ላይ ከተስማማ ብቻ። የፊት መስታወቱ ይወጣል፣ አዲስ ጎሚኒ ይገዛል፣ መብራት፣ ፍሬቻ፣ እጀታ፣ ስፖኪዮ ይፈታል። የበሮቹ ሥር ይቆረጣል፣ በሲኦቱ ይበየዳል፣ የውሃ ቀዳዳዎቹ ይከፈታሉ። ብረቱ ላይ ኢፖክሲ፣ ከላይ ባለ ሁለት ክፍል ነጭ ቀለም ይረጫል። ለዚህ ከ120 በላይ ቢልህ አትገረም፣ ትንሽ ጨምርለት። ገንዘብ ካጠረህ ጣሪያውንና ደህና ያለውን ጀርባ አስቀርተህ በሮቹንና ፊቱን ብቻ በደንብ አሠራ፤ ነጭ ስለሆነ ብዙ አይለይም። ስፖንዳውንና ሻንሲውን ባለ 55ቱ ልጅ ይሥራልህ። ዝገቱ ይፋቅ፣ አንቲረስት ይግባ፣ ጥቁር ዘይት ቀለም በብሩሽ። እዚያ ላይ ማንም ውበት አይፈልግም። የሻንሲ ቁጥሩን ግን በፕላስተር ይሸፍነው። በዲስክ ከተፋቀ ወይም በወፍራም ቀለም ከተደፈነ ዓመታዊ ምርመራ ላይ የምትገባበት ጣጣ ከቀለሙ ወጪ ይብሳል። ካቢናው ላይ የተለጠፉ ሥዕሎችና ጥቅሶች ካሉም በሙቀት ተነስተው ሙጫው በደንብ ይጠረግ፣ ዙሪያቸውን እየዞሩ መቀባት አይሆንም። ላሜራው ላይ ሲሊኮን ያለው መወልወያ ተቀብቶ ከነበረ ደግሞ ቀድሞ ይጠረግ፣ አለበለዚያ ቀለሙ የዓሣ ዓይን የሚመስል ጉድጓድ እየሠራ ይሸሻል።

ክፍያው በሦስት ይከፈል። ለዕቃ መጀመሪያ ትሰጣለህ፣ ዕቃውንም አብረህ ሄደህ ብትገዛ ይሻላል። ቀለሙ፣ ሃርድነሩና ቲነሩ ከአንድ ፋብሪካ ይሁን፣ ቆርቆሮው ያልተከፈተ ይሁን፣ የተቀዳ ቲነር አትግዛ። ሁለተኛውን የምትከፍለው ፕራይመሩ ተረጭቶ ከላይ ቀለም ሳይገባ ነው። ያን ቀን ሄደህ በጣትህ እየነካህ የበሩን ሥር፣ የመስታወቱን ጠርዝ እይ፣ ፎቶ አንሳ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ነጭ ስለሆነ ማንም ምንም አያይም። የመጨረሻውን የምትከፍለው መኪናውን ስትረከብ ነው፤ ቀን በፀሐይ ተረከብ እንጂ ማታ በአምፖል አትረከብ።

ወስደህ ከወጣህ በኋላ የመጀመሪያውን ወር በሳሙና ዱቄት አታሳጥበው፣ በናፍጣ የነከረ ጨርቅም ይዞ «ላብራልህ» የሚልህን ሾፌር ከልክል። የተረፈውን ነጭ ቀለም ሃርድነር ሳይነካው ግማሽ ሊትር ያህል አስቀርተህ፣ ክዳኑን አጥብቀህ፣ ኮዱን ከላዩ ጽፈህ ቤት አስቀምጥ።